ከአንዲት መንደር የወጣ ስም፦ የሲንሲንዋር ጎሳ ከየት መጣ? በምንስ እናውቃለን?

እስቲ በቀላል ጥያቄ እንጀምር። የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ታውቃላችሁ፤ መታወቂያችሁ ላይም አለ። የቅድመ አያታችሁስ? ከዚያ በላይስ? አብዛኞቻችን አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ስንደርስ እንቆማለን።

አሁን ደግሞ እንዲህ አስቡ። ከስማችሁ ቀጥሎ የሚመጣው የአባታችሁ ስም ሳይሆን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ዘመዶቻችሁ ከኖሩባት አንዲት መንደር የተወሰደ ስም ቢሆንስ? ስሙን የሚጠራ ሁሉ፣ በሕይወቱ አይቷችሁ ባያውቅም፣ «ወንድሜ» ወይም «እህቴ» ቢላችሁስ? ወደ ሕንድ የምንሄደው እንዲህ ዓይነት ስም ለማየት ነው። ስሙ ሲንሲንዋር ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጃት ማን ነው? ጎትራስ ምንድን ነው?

ጃት በሰሜን ሕንድና በፓኪስታን የሚኖር ሰፊ ሕዝብ ነው። ለረጅም ዘመን መተዳደሪያው እርሻና ከብት ነበር። በሕንድ ሁሉም ካስቶች ተቆጥረው ውጤቱ በተሟላ ሁኔታ በታተመበት የ1931 ቆጠራ የጃቶች ቁጥር ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር። የሚገርመው ነገር ሃይማኖታቸው አንድ አለመሆኑ ነው፤ ሂንዱ ጃት አለ፣ ሲክ ጃት አለ፣ ሙስሊም ጃትም አለ።

ይህ ሕዝብ በብዙ ጎሳዎች ይከፈላል። ጎሳውን «ጎትራ» ይሉታል፤ ከእኛ ጎተራ ጋር እንዳታምታቱት። ቃሉ በጥንቱ ሳንስክሪት የላሞች በረት ማለት ነበር፤ በኋላ ከአንድ አባት የሚወለድ ወገን መጠሪያ ሆነ። ጎትራ በአባት በኩል ብቻ ይወረሳል። ወንዱም ሴቷም የአባታቸውን ጎትራ ይዘው ይወለዳሉ፤ ለልጆቹ የሚያስተላልፈው ግን ወንዱ ብቻ ነው።

ሲንሲንዋር ከእነዚህ ጎትራዎች አንዱ ነው። ዋና አገሩ በራጃስታን ግዛት ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ያለው የባራትፑርና የዲግ አካባቢ ነው። የባራትፑር ከተማ ከአግራ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ታጅ ማሃልን ለማየት የሚሄድ ሰው እግረ መንገዱን ሊደርስባት ይችላል።

የመጀመሪያው ምስክር፦ ስሙ ራሱ

የጎሳው ምንጭ የት እንደሆነ ለማወቅ ከስሙ መጀመር ይሻላል። በዲግ አቅራቢያ ሲንሲኒ የምትባል መንደር አለች። በሰሜን ሕንድ ቋንቋዎች «ዋር» ወይም «ዋል» የሚለው ቅጥያ ብዙ ጊዜ «የዚያ ቦታ ሰው» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ስለዚህ ሲንሲንዋር ማለት በቃ የሲንሲኒ ሰው ማለት ነው። ጎረቤታቸው የሆነው የሶጋሪያ ጎሳም ስሙን ያገኘው ሶጋር ከምትባል መንደር ነው።

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። ስሙ የሰው ሳይሆን የቦታ ከሆነ፣ ስሙን የያዙት ሰዎች በሙሉ የአንድ ሰው ልጆች መሆናቸው የግድ አይደለም። በመንደሯ አብረው የኖሩ፣ አብረው ያረሱና አብረው የተዋጉ ቤተሰቦች በጊዜ ብዛት አንድ ስም ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ምስክር፦ የሚተረከው ታሪክ

ስለ ጎሳው አመጣጥ ከሚተረኩት ታሪኮች አንዱ እንዲህ ይላል። በደቡብ በኩል ባለችው ባያና የሚኖሩ ጃዶን የተባሉ ራጅፑቶች ነበሩ፤ ራጅፑት ማለት ራሱን የነገሥታትና የጦረኞች ዘር አድርጎ የሚቆጥር ወገን ነው። ከእነዚህ የሚወለድ አንድ ሰው ሲንሲኒ ውስጥ ከጃት ሴት ልጆች ወለደ። ልጆቹ በአባታቸው ወገን ስላልተቆጠሩ ከእናታቸው ወገን ሆነው ጃት ተባሉ፤ የመንደሪቱንም ስም ያዙ። ጃዶኖች ደግሞ ዘራቸውን ያዱ ከሚባለው ጥንታዊ ነገድ ይቆጥራሉ፤ ሂንዱዎች እንደ አምላክ የሚያመልኩት ክሪሽና የተወለደበት ነገድ ማለት ነው።

ታዲያ ይሄ እውነት ነው? ታሪክ አጥኚ እንዲህ ዓይነት ትረካ ሲሰማ ቶሎ ብሎ «ውሸት» አይልም፤ «እውነት» ብሎም አይቀበልም። «ይህ ታሪክ ለማን፣ መቼ፣ ምን ጠቀመ?» ብሎ ይጠይቃል። ሲንሲኒ ያለችው ብራጅ በሚባለው ምድር ነው፤ ክሪሽና ያደገበት ተብሎ የሚታመነው አገር ይሄው ነው። ከገበሬነት ተነስቶ ብራጅን መግዛት ለጀመረ ቤተሰብ «እኛ የክሪሽና ዘር ነን» ማለት «ይህ አገር ድሮም የእኛ ነው» እንደማለት ነበር። የጃዶኑ ሰው ታሪክም በሌላ በኩል የነገሥታት ደም ይሰጣቸዋል። እንዲህ ዓይነት ታሪክ በብዙ አገር የገዢ ቤተሰቦች ዘንድ ይገኛል።

ሦስተኛው ምስክር፦ የተጻፈው

የጃቶች ስም በጽሑፍ የሚታየው ከሲንሲኒ በጣም ርቆ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓረቦች ሲንድን፣ ማለትም የዛሬዋን ደቡብ ፓኪስታን፣ ሲይዙ «ዙጥ» የሚሏቸው ከብት አርቢዎች እዚያ እንደነበሩ የዓረብ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በ11ኛው መቶ ዘመን አል ቢሩኒም ጃቶችን በከብት ባለቤትነት ጠቅሷቸዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዘመናት ወደ ፑንጃብና ወደ ዴልሂ ዙሪያ ተስፋፍተው፣ አርቢዎቹ ቀስ በቀስ ገበሬዎች ሆኑ።

ሲንሲኒ በታሪክ መዝገብ ጎልታ የምትወጣው በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ያኔ ሕንድን የሚገዛው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ነበር። በ1669 በማቱራ አካባቢ በጎኩላ መሪነት የጃት ገበሬዎች አመጹ፤ ጎኩላ ተይዞ አግራ ላይ ተገደለ። ከእሱ በኋላ መሪነቱን የያዘው የሲንሲኒው ራጃ ራም ነው። ከአግራ ወደ ዴልሂ የሚሄደውን ትልቅ መንገድ እየዘጋ ዘረፈ፤ በ1688 ሲካንድራ ላይ ያለውን የንጉሠ ነገሥት አክባርን መቃብር ሳይቀር አስዘረፈ። እሱም በዚያው ዓመት በጦርነት ሞተ። በ1690 የሙጋል ጦር ሲንሲኒን ያዘ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ቹራማን የተባለው የራጃ ራም ዘመድ ትግሉን ቀጠለ፤ ከእሱ ቀጥሎ የወንድሙ ልጅ ባዳን ሲንግ ዲግን ዋና ከተማው አደረገ። ልጁ ሱራጅ ማል ደግሞ የሶጋሪያ ጎሳ መሪ ይዞት የነበረውን ቦታ ቀምቶ የባራትፑርን ምሽግ ሠራ፤ በ1761 አግራን ራሷን ያዘ። በታኅሣሥ 1763 ዴልሂ አጠገብ ሲዋጋ ተገደለ። ልብ በሉ፦ በመቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአንዲት መንደር ገበሬዎች የመንግሥት ባለቤቶች ሆኑ።

ጭቃ ብረትን ሲያሸንፍ

የባራትፑር ምሽግ ሎሃጋር ይባላል፤ «የብረት ምሽግ» ማለት ነው። ቀልዱ እዚህ ላይ ነው፤ ዋናው የውጭ ግንብ ከብረትም ከድንጋይም አልተሠራም። ወፍራም የጭቃና የአፈር ክምር ነበር፤ ዙሪያውን ውሃ የሞላበት ሰፊ ቦይ ነበረው።

በ1805 መጀመሪያ የእንግሊዙ ጄኔራል ሌክ ምሽጉን ከበበ። አራት ጊዜ ወረረው፤ አራቱንም ጊዜ ተመለሰ። ከ3,000 በላይ ወታደሮቹ ሞተውና ቆስለው ከበባውን ተወ። ለምን? በጊዜው የነበረው የመድፍ ጥይት ድፍን የብረት ኳስ ነው። ድንጋይ ግትር ስለሆነ ኳሱ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ይስፋፋና ግንቡ ይናዳል። አፈር ግን ይጨመቃል፤ የኳሱን ጉልበት ቀስ ብሎ ይውጠዋል፤ ኳሱም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። በድንጋይ ላይ ጀበና ብትጥሉና በአሸዋ ላይ ብትጥሉ የምታዩት ልዩነት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

እንግሊዞች በ1826 ተመልሰው ሲመጡ ትምህርታቸውን ወስደው ነበር። ግንቡን ከፊት መደብደብ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ዋሻ ቆፍረው ባሩድ ሞልተው አፈነዱት። ያኔ ተናደ። የባራትፑር መንግሥት ግን በእንግሊዞች የበላይነት ሥር ቀጥሎ፣ ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1948 ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋሐደ፤ በ1949ም ወደ ራጃስታን ገባ።

ዛሬ ከተማዋ ይበልጥ የምትታወቀው በወፍ ነው። የባራትፑር ገዢዎች ዳክዬ የሚያድኑበት ረግረግ ኬኦላዴኦ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ ስፋቱ 29 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዩኔስኮ በ1985 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በ1938 በአንድ ቀን አደን ብቻ ከ4,000 በላይ ወፎች የተገደሉበት ቦታ ዛሬ ወፎች የሚጠበቁበት ነው።

ወንዶቹ ይቆያሉ፣ ሴቶቹ ይሄዳሉ

አሁን ወደ ባሕሉ እንግባ። በጃቶች ዘንድ የታወቀው የጋብቻ ሕግ «ከራስህ ጎትራ አታግባ» የሚል ነው። በብዙ ቦታ ሕጉ አራት ጎትራዎችን ያያል፦ የአባትን፣ የእናትን፣ የአባት እናትንና የእናት እናትን። ከአንድ መንደር መጋባትም ነውር ነው፤ የአንድ መንደር ልጆች ሁሉ እንደ ወንድምና እህት ይቆጠራሉ። እዚህ አገር «እስከ ሰባት ቤት» እየተባለ ዝምድና ሲቆጠር የሰማ ሰው ሐሳቡ አይከብደውም። ልዩነቱ፣ የእኛው ትውልድ ቆጥሮ ሰባት ላይ ያቆማል፤ የጎትራ ሕግ ግን ማብቂያ የለውም። አያት ቅድመ አያታችሁ የማይተዋወቁ ቢሆኑም ስሙ አንድ ከሆነ በቃ፣ ክልክል ነው።

በዚህ የተነሳ ሙሽራዋ ሁልጊዜ ወደ ሌላ መንደር ትሄዳለች፤ ወንዱ በአባቱ መሬት ላይ ይቀራል። ጎሳዎቹ በካርታ ላይ እንደ ምንጣፍ ቁርጥራጭ ተሰባስበው የሚታዩት ለዚህ ነው። እዚህ የሲንሲንዋር መንደሮች፣ እዚያ የሶጋሪያ መንደሮች፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ሌሎች። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚያልፍ ስሙም ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ ኖረ።

መሬቱ ሌሎች ልማዶችንም ቀርጿል። አንዲት ሴት ባሏ ሲሞት የባሏን ወንድም እንድታገባ የሚያደርገው ልማድ «ካሬዋ» ይባላል። ከፍተኛ ነን የሚሉ ካስቶች መበለት እንዳታገባ ሲከለክሉ ጃቶች ግን ይፈቅዱ ነበር፤ በዚህም ይመሰገናሉ። ነገር ግን የታሪክ ምሁሯ ፕሬም ቾውድሪ እንዳሳየችው ሌላም ገጽ አለው፤ መበለቷና የሟች መሬት ከቤተሰቡ እጅ እንዳይወጡ ማድረጊያም ነበር። ሌላው ልማድ «ባት» ነው፤ የእህት ልጅ ሲዳር አጎት በእናት በኩል ስጦታ ይዞ ይመጣል። በልማዱ መሬት ለወንዶች ብቻ ስለሚደርስ፣ ለእህት ከአባቷ ቤት የሚደርሳት በዚህ ዓይነት ስጦታ ነበር። በ2005 የተሻሻለው የሂንዱ ውርስ ሕግ ግን ሴት ልጅ በቤተሰቡ የጋራ ንብረት ላይ ከወንድ እኩል መብት እንዳላት ደንግጓል።

የትውልድ ሐረጉን የሚጽፉም ሰዎች አሉ። «ጃጋ» የሚባሉት መዝጋቢዎች መንደር ለመንደር እየዞሩ በየቤቱ የተወለደውን ይመዘግባሉ፤ የድሮውንም ያነባሉ። በጋንጅስ ወንዝ ዳር ባለችው ሃሪድዋርም ካህናት የተሳላሚዎችን ቤተሰብ በየመንደራቸው የመዘገቡባቸው የቆዩ መዝገቦች አሉ።

አራተኛው ምስክር፦ ሒሳብና ዘረመል

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነጥብ እንመለስ። አንድ ጎሳ በእውነት የአንድ ሰው ዘር መሆኑን እንዴት እንፈትሻለን?

ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው የዘረመል ክፍል ከአባት ወደ ወንድ ልጅ፣ ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ ያልፋል። ጎትራም የሚጓዘው በዚያው መስመር ነው። ስለዚህ አንድ ስም የሚጋሩ ወንዶች በሙሉ ከአንድ አባት ከመጡ ዋይ ክሮሞዞማቸው በጣም መመሳሰል አለበት። በ2017 የታተመ የጃት ወንዶች ጥናት ያገኘው አንድ ዓይነት ሳይሆን ኤል፣ አር፣ ኪው፣ ጄ እና ሌሎችም የተባሉ በርካታ የዋይ ክሮሞዞም ቡድኖችን ነው። እነዚህ ቡድኖች የተለያዩት ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ይህ ማለት ጃት በጠቅላላው ከአንድ አባት አልመጣም፤ የተለያዩ ሰዎች በጊዜ ብዛት ተሰባስበው የፈጠሩት ሕዝብ ነው።

ሴቶቹ ከመንደር መንደር መሄዳቸውም በዘረመል ላይ አሻራ ይተዋል። በ2001 በሰሜን ታይላንድ ተራሮች በተደረገ ጥናት ሴቶች ወደ ባል ቤት በሚሄዱባቸው መንደሮች ዋይ ክሮሞዞሙ ይመሳሰላል፤ ከእናት የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ግን ይለያያል። ወንዶች ወደ ሚስት ቤት በሚሄዱባቸው መንደሮች ደግሞ ተቃራኒው ሆኖ ተገኝቷል። የጋብቻ ሕግ በደማችን ውስጥ ይጻፋል ማለት ነው።

አሁን እስክሪብቶ አንሱ። ወላጅ 2፣ አያት 4፣ ቅድመ አያት 8። እንዲህ እያጠፋችሁ ከሄዳችሁ በ10ኛው ትውልድ 1,024 ቦታ ይኖራችኋል፤ በ20ኛው 1,048,576። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢሆን ይሄ 500 ዓመት ነው። የጎትራ ስም ከእነዚህ ሚሊዮን ቦታዎች የሚከተለው አንዱን ብቻ ነው! በእርግጥ በአንድ አካባቢ የሚጋቡ ሰዎች ቅድመ አያቶቻቸው ይደጋገማሉ፤ የተለያዩት ሰዎች ቁጥር ከዚህ ያንሳል። ነጥቡ ግን አይለወጥም፤ ስሙ የሚነግራችሁ ከማንነታችሁ ቀጭን ክር ነው።

የአጎት ልጆች በአማካይ ከዘረመላቸው ስምንተኛውን ይጋራሉ። የጋራ ዘመዶቻቸው ከ10 ትውልድ በፊት የነበሩ አንድ ባልና ሚስት ብቻ የሆኑ ሁለት ሰዎች ግን በአማካይ የሚጋሩት ከ524,288 አንድ እጅ ነው። ስለዚህ የአራቱ ጎትራ ሕግ ለቅርብ ዘመዶች በእርግጥ ይሠራል፤ የአጎት፣ የአክስትና የየሹማ ልጆች እንዳይጋቡ ሁሉንም በር ይዘጋል። ለሩቆቹ ግን ምክንያቱ ጤና ሳይሆን ልማድ ነው።

ስም ሰው ሲያስገድል

ይህ የወረቀት ላይ ሒሳብ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ2007 በሃርያና ግዛት ሁለት ወጣቶች ተዋደው ተጋቡ። ጎሳቸው ሲንሲንዋር አልነበረም፤ ግን የሁለቱም ጎትራ አንድ ነበር። «እህትና ወንድም ናችሁ» ተባሉ፤ የሴቷ ዘመዶችም ሁለቱንም ገደሏቸው። በ2010 ፍርድ ቤት ገዳዮቹን ከባድ ቅጣት ፈረደባቸው።

የሕንድ ሕግ እነዚህን ወጣቶች አልከለከላቸውም ነበር። ከ1946 ጀምሮ በሂንዱ ሕግ የአንድ ጎትራ ሰዎች ጋብቻ ሕጋዊ ነው። የ1955ቱ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ የሚከለክለው በትውልድ የሚቆጠረውን የቅርብ ዝምድና ነው፤ በአባት በኩል አምስት፣ በእናት በኩል ሦስት ትውልድ። በመጋቢት 2018 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ካፕ» የሚባሉት የጎሳ ሸንጎዎች ሁለት አዋቂዎች ተስማምተው በሚፈጽሙት ጋብቻ ጣልቃ የመግባት መብት የላቸውም ብሎ ወስኗል። ብዙ ጃቶች፣ በተለይም የተማሩ ወጣቶች፣ በጎትራቸው እየኮሩ ግድያውን ግን አጥብቀው ይቃወማሉ። ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ።

እንግዲህ አራቱን ምስክሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ስሙ ወደ አንዲት መንደር ይመራል። ትረካው ክብርን ያስረዳል። መዝገቡ ገበሬዎች እንዴት ነገሥታት እንደሆኑ ያሳያል። ሒሳቡና ዘረመሉ ደግሞ ስም የዘራችን አንድ ክር ብቻ መሆኑን ይነግሩናል። አንዱን ብቻ የሰማ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ? ዛሬ ማታ አያታችሁን ወይም በቤት ያሉትን ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ የአባት አባትን ሳይሆን የእናት እናትን፣ ከዚያም የእሷን እናት ስም። ስንተኛዋ ላይ እንደምትቆሙ ቁጠሩ። የአባት መስመር ከቆመበት በፊት ከቆመ፣ ከሲንሲኒ ሰዎች ጋር የምትጋሩት አንድ ነገር አገኛችሁ ማለት ነው፦ ሐረጉን ሲቆጥሩ እናቶቹን ረስተዋል።